ዚፑ የተበላሸ የላስቲክ ግሪን ሃውስ በር፦ ይጠገን ወይስ ይቀየር?

ጥያቄው በአጭሩ የሚከተለው ነው። በድሬዳዋ ሳቢያን አካባቢ የሚኖሩ አንድ አንባቢ፣ ዘመድ ከውጭ አገር የላከላቸውን 2 ሜትር በ3 ሜትር የሆነ የላስቲክ ግሪን ሃውስ በግቢያቸው ተክለው ቲማቲምና ቃሪያ ያለማሉ። በሩ ግራና ቀኙ ዚፕ ያለው፣ ወደ ላይ እየተጠቀለለ የሚታሰር ላስቲክ ነው። ዓመት ሳይሞላው የአንደኛው ጎን ዚፕ፣ ራሱ (እየተሳበ ጥርሶቹን የሚቆልፈው ክፍል) ካለፈ በኋላ ከኋላው እየተከፈተ አስቸገራቸው፤ በሌላኛው ጎን ደግሞ የዚፑ ጨርቅ ከታች ጀምሮ ከላስቲኩ ተላቀቀ። በማስቲሽ አጣበቁት፤ በእስኮችም ደረቡበት፤ ሁለቱም አልያዙም። የሚጠይቁት ይህንን ነው፦ «የትኛው ማስቲሽ ይይዝልኛል? ልብስ ሰፊ አዲስ ዚፕ ቢሰፋልኝስ? ወይስ በሩን በብረት ላሠራው? በሩ በደንብ ካልተዘጋ ሙቀቱ እየወጣ ግሪን ሃውስነቱ ይቀራል ብዬ ሰግቻለሁ።»

ከመጨረሻው ልጀምር፤ ስጋትዎ ለሌላ አገር የሚሆን ስጋት ነውና። እንዲህ ያሉ ትንንሽ ግሪን ሃውሶች የሚሠሩት ብርዱ ሳይወጣ ችግኝ ማፍላት ለሚፈልጉ የቀዝቃዛ አገር አትክልተኞች ነው፤ በሩም የተበጀው ሙቀት እንዳያመልጥ ታስቦ ነው። ድሬዳዋ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ፣ በግንቦትና በሰኔ የቀን ሙቀቷ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ የሚደርስ ከተማ ናት፤ በዚያ ወቅት በሩ የተዘጋ የላስቲክ ቤት ውስጡ ከ45 ዲግሪ ለማለፍ ብዙ ሰዓት አያስፈልገውም። ቲማቲም ደግሞ ቀኑ ከ32 ዲግሪ፣ ሌሊቱም ከ21 ዲግሪ በላይ ሆኖ ሲሰነብት የአበባው ብናኝ እየደከመ፣ አበባው ፍሬ ሳይቋጥር ይረግፋል። ስለዚህ ተክልዎ አብቦ አብቦ ፍሬ አልይዝ ካለ፣ ማዳበሪያ ከመጨመርዎ በፊት በሩ በቀን ስንት ሰዓት ክፍት እንደሚውል ያስተውሉ። በእኛ ዘንድ የግሪን ሃውስ በር ሁለት ሥራ አለው፦ ሲዘጋ ነፋስን፣ አቧራንና ፍየልን መከልከል፤ ሲከፈት ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሳይንገላታ ክፍት ሆኖ መዋል። ዚፕ የመጀመሪያውን በችግር ይሠራዋል፤ ሁለተኛውን ጨርሶ አይሠራውም።

ስለ ማስቲሽ የምሰጠው መልስ ከተራው ማስቲሽ የሚይዝ የለም የሚል ነው። ሽፋኑ የተሠራበት ፖሊኤትሊን የሚባለው ፕላስቲክ በባሕርይው ማጣበቂያ የማይገባበት ነው፤ ጠብታ ውኃ ቢያንጠባጥቡበት ሳይዘረጋ ክብ ሆኖ የሚቀመጠውም በዚሁ ምክንያት ነው። ጫማና ቆዳ አንቆ የሚይዘው ማስቲሽ በዚህ ላይ ሲደርቅ ስስ ቆዳ ሆኖ ይቀራል፤ በጥፍር ጫፍ ቢነኩት ተልጦ ይነሣል። ውድም ይሁን ርካሽ፣ ከተራው ማስቲሽ የትኛውንም ዓይነት ቢገዙ ውጤቱ ያው ነው። እስኮች ደግሞ በቀን ሙቀት ሙጫው ይለሰልስና ይንሸራተታል፤ ሲሰነብትም ደርቆ ይረግፋል። ለግሪን ሃውስ ተብሎ የሚሠራ፣ ፀሐይን የሚቋቋም መጠገኛ ቴፕ መኖሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ጥቅሙ የተቀደደን ቦታ በሁለቱም ወገን ለመድፈን እንጂ፣ በየቀኑ የሚሳብን የዚፕ ስፌት ለመያዝ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ዚፑ የተበላሸው ርካሽ ስለነበረ ብቻ ነው ብለው ካሰቡ፣ ውድ ዚፕ ገዝተው በሚቀጥለው ዓመት ይህንኑ ጥያቄ ይጠይቃሉ። በሩን የሚጎዳው ዚፕ ሊሸከመው የማይገባውን ኃይል እንዲሸከም መደረጉ ነው። ከሰዓት በኋላ የሚነሣውን ነፋስ እናስላው፦ ነፋሱ በሰዓት 54 ኪሎ ሜትር ሲነፍስ፣ 90 ሳንቲሜትር በ1 ሜትር ከ80 የሆነ በር ላይ የሚያርፈው ግፊት በድሬዳዋ ሞቃትና ቀለል ያለ አየር እንኳ ወደ 18 ኪሎ ክብደት ይጠጋል፤ የነፋሱ ፍጥነት እጥፍ ቢሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ይህንን ሁሉ የሚይዘው ከላስቲክ ጋር በክር የተያያዘ ስስ ጨርቅ ነው። በዚያ ላይ የስፌት መርፌ ላስቲኩን በየጥቂት ሚሊሜትሩ ስለሚበሳው፣ የስፌቱ መስመር እንደ ቴምብር ጠርዝ ለመቀደድ የተዘጋጀ ነው። የእርስዎ ዚፕ ከታች ጀምሮ የተላቀቀውም ነፋሱ መጀመሪያ የሚያነሣው የታችኛውን ጫፍ ስለሆነ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የክፈፉ መዛባት ነው፤ ይህንን ብዙ ሰው አይመረምረውም። የበሩን ቀዳዳ ከላይኛው ግራ ማዕዘን እስከ ታችኛው ቀኝ፣ ቀጥሎም ከላይኛው ቀኝ እስከ ታችኛው ግራ በሜትር ይለኩ። ሁለቱ ልኬቶች ከአንድ ሳንቲሜትር በላይ ከተለያዩ ክፈፉ ተንጋዷል፤ የዚፑ ሁለት ወገኖችም እኩል አይገናኙም። በፕላስቲክ መገጣጠሚያ የተያያዙ ቀጫጭን ቱቦዎች በአሸዋማ መሬት ላይ ሳይታሰሩ ሲቆሙ፣ አንድ ጠንካራ ነፋስ ወይም አንድ የነሐሴ ዝናብ ይበቃቸዋል። መሬቱ በአንድ ጎን ሲሰጥም ግሪን ሃውሱ ያዘነብላል፤ ሰው ደግሞ ዚፑን በኃይል እየሳበ ይዘጋል። በዚህ ጊዜ የዚፑ ራስ ከንፈሮቹ እየሰፉ ይሄዳሉና ጥርሶቹን አስጠግቶ መቆለፍ ይሳነዋል፤ «ከኋላው ይከፈታል» ያሉት ይህ ነው።

ላስቲኩ ራሱም ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል። ፖሊኤትሊን በአንድ ሜትር፣ በአንድ ዲግሪ ልዩነት ወደ 0.2 ሚሊሜትር የሚጠጋ ይለጠጣል፤ ንጋት ላይ 22 ዲግሪ የነበረ 2 ሜትር ላስቲክ ፀሐይ መትታው 50 ዲግሪ ሲደርስ ከአንድ ሳንቲሜትር በላይ ይረዝማል ማለት ነው። ጠዋት እምቢ ያለ ዚፕ እኩለ ቀን ላይ ያለ ችግር የሚዘጋ ከሆነ ጉዳቱ የዚፕ አይደለም፤ ሽፋኑ ከመጠን በላይ ተወጥሮ ተገጥሟል፤ ማሰሪያዎቹን ማላላት ብቻ ይበቃል።

አንድ ብር ከማውጣትዎ በፊት ግን ላስቲኩ ገና ዕድሜ እንዳለው ያረጋግጡ። ከብረቱ ጋር የሚነካካበትን ቦታ በጣትዎ አጥፈው ይጫኑት። የታጠፈበት ቦታ ነጭ መስመር ከሠራ፣ ወይም እንደ ደረቅ ወረቀት ከተንኮሻኮሸ አብቅቶለታል፤ ምንም ዓይነት ዚፕ፣ ምንም ዓይነት መቀርቀሪያ አያድነውም። ጨረር መከላከያ የተጨመረበት፣ ውፍረቱ 200 ማይክሮን የሆነ የግሪን ሃውስ ላስቲክ ሦስትና አራት ዓመት ይቆያል ተብሎ ይጠበቃል፤ ለግንባታ የሚሸጠው ተራ ላስቲክ ግን በእኛ ፀሐይ ዓመት መድፈኑም ያጠራጥራል። ቀድሞ የሚሞተው ሁልጊዜ ብረት የነካው ቦታ ነው፤ ብረቱ ስለሚግል። በሩ ዙሪያ ያለውን ቱቦ ነጭ ቀለም መቀባት ከሁሉም ርካሹ የጥገና ሥራ ነው። ደግሞም ላስቲኩን በበረኪና አይጠቡት፤ ውስጡም የድኝ ዱቄት አይርጩበት፤ ክሎሪንም ሆነ ድኝ ከፀሐይ የሚጠብቀውን ቅመም ያከሽፋሉ። አቧራውን ለማንሣት ውኃና ጥቂት ሳሙና ይበቃል።

ላስቲኩ ደህና ከሆነና የተበላሸው የዚፑ ራስ ብቻ ከሆነ፣ ጥገናው ቀላል ነው። ለጊዜው የራሱን ሁለት ጎኖች በፒንሳ በቀስታ፣ አንዱን ጎን ከሌላው እኩል ቆንጠጥ ማድረግ ለጥቂት ሳምንታት ያገለግላል፤ ደጋግመው ከቆነጠጡት ግን ብረቱ ይሰነጠቃል። ዘላቂው መፍትሔ ራሱን መቀየር ነው። በአሮጌው ራስ ጀርባ ላይ ብዙውን ጊዜ 5፣ 8 ወይም 10 የሚል ቁጥር ተቀርጾ ይገኛል፤ ቁጥሩ የተዘጋውን ጥርስ ስፋት በሚሊሜትር በግርድፉ ያመለክታል። ቁጥሩ ቢመሳሰልም እንኳ ጥርሱ ከተጠማዘዘ ክር ለተሠራ ዚፕ የሚሆነው ራስ፣ ጥርሱ አንድ በአንድ ለተተከለ ዚፕ አይሆንምና አሮጌውን ነቅለው ወደ ሱቅ ይዘው ይሂዱ። አዲሱን ከታችኛው ጫፍ አስገብተው፣ እንዳይወጣ ጫፉን በወፍራም የፖሊስተር ክር ደጋግመው ይቋጩት። ዘይት ወይም ግራሶ አይቀቡት፤ የድሬዳዋ አቧራ ቅባት ካገኘ የሚሠራው ጭቃ ጥርሱን እንደ አሸዋ ወረቀት ይፍቀዋል። በደረቅ ብሩሽ ጠርገው፣ ሻማ ቢያሹበት ይበቃል።

የእርስዎ ችግር ግን ከዚህ አልፏል፤ ሁለተኛው ጎን ከስፌቱ ተላቋልና። አዲስ ዚፕ ማሰፋት ይቻላል፤ ነገር ግን ሽፋኑን በሙሉ ማውረድ ይጠይቃል፤ ሥራውም የልብስ ሰፊ ሥራ አይደለም። ሐረር ጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ የሚሰፉ ባለሙያዎችን እጅ አደንቃለሁ፤ ይሁንና የልብስ ስፌት መኪና በጥቃቅን ስፌት ላስቲኩን ወንፊት ያደርገዋል። የሚፈልጉት የጭነት መኪና ሸራ የሚሰፋ ሰው ነው። ዚፑ ቁጥር 10 ይሁን፤ ከውስጥም ከውጭም የሚከፈት ይሁን፤ ክሩ ፖሊስተር እንጂ ጥጥ ወይም ናይለን አይሁን፤ ናይለን በፀሐይ ፈጥኖ ይደክማል። ላስቲኩ በቀጥታ ከዚፑ ጋር አይሰፋ፤ አምስት ሳንቲሜትር ስፋት ባላቸው ሁለት የሸራ ጥብጣቦች መካከል ገብቶ፣ ከአራት እስከ አምስት ሚሊሜትር በሚረዝም ስፌት በሁለት መስመር ይያያዝ። ይህ ሁሉ በጥንቃቄ ተሠርቶም ክፈፉ ካልተስተካከለና ሽፋኑ መሬት ላይ በደንብ ካልታሰረ ልፋቱ ከንቱ ነው።

ሌሎች አማራጮችም ይነሣሉ። እርስ በርሱ የሚጣበቀው ቬልክሮ አቧራ ሲሞላው መያዙን ያቆማል፤ ለልጆች ጫማ ይሁን። ማግኔት ነፋስ አይችልም። ከሁሉ የሚሻለው ጊዜያዊ መፍትሔ ገመድ ነው፦ የበሩን ላስቲክ ጠርዝ ሁለት ጊዜ አጥፈው፣ ከጠርዙ ሦስት ሳንቲሜትር ያህል ገባ ብለው በየ30 ሳንቲሜትሩ የብረት ቀለበት ያስመቱበት፤ ከቱቦው ጋርም ከአሮጌ ካላማዳሪ በተቆረጠ ቀጭን ጎማ አስረው ያያይዙት። ጎማው ነፋስ ሲመጣ ይለጠጥና ይመለሳል፤ ላስቲኩ ግን አይቀደድም። በላስቲኩ የታችኛው ጫፍ አንድ ቱቦ ቢጠቀለልበት ክብደቱ ይዞት ይውላል። ይህ ቋሚውን በር እስኪያሠሩ ድረስ ያቆይዎታል።

የምመክርዎት ቋሚ መፍትሔ ዚፑን ትተው ክፈፍ ያለው በር እንዲያሠሩ ነው። ይህንን ስል ግን አንድ ከባድ ስሕተት እንዳይፈጸም አስጠነቅቃለሁ፦ በሩን ከግሪን ሃውሱ ቱቦ ላይ አያንጠልጥሉት። 20 በ20 ሚሊሜትር ከሆነ ቱቦላሬ የተሠራ በር ከአምስት ኪሎ በላይ፣ 25 በ25 ከሆነ ደግሞ ወደ ሰባት ኪሎ ይመዝናል፤ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ይህ ክብደት ለቀጫጭኑ ቱቦና ለፕላስቲክ መገጣጠሚያው ይተርፋል፤ ጥቂት ወራት ሳይቆይ ቤቱን በሙሉ ወደ አንድ ጎን ያጋድለዋል። በሩ የራሱ ሁለት ቋሚዎች ይኑሩት። ቋሚዎቹ ቢያንስ 50 ሳንቲሜትር መሬት ውስጥ ገብተው በሲሚንቶ ይያዙ፤ ከላይ በአግዳሚ ብረት ይያያዙ፤ ከዚያ የግሪን ሃውሱ ላስቲክ ወደዚህ ክፈፍ መጥቶ በሁለት ጠፍጣፋ ነገሮች መካከል ተቆንጥጦ በብሎን ይጠበቅ። በሩ ግሪን ሃውሱን ይያዝ እንጂ ግሪን ሃውሱ በሩን አይሸከም። ላስቲክ በምስማር አይመታም፤ እያንዳንዱ ምስማር የመቀደጃ መነሻ ነው።

እንጨት ርካሽ ቢመስልም በእኛ ከተማ አልመርጠውም። እርጥብ ባሕር ዛፍ በድሬዳዋ ደረቅ አየር ተጣምሞ በሩን ከመዝጊያው ያጣላዋል፤ ከመሬት የነካውን ደግሞ ምስጥ ይወርሰዋል። ብረት ሲያሠሩ ብየዳው ከግሪን ሃውሱ ርቆ ያልቅ፤ አንዲት ፍንጣሪ ላስቲኩን ትበሳለች። ጋልቫናይዝድ ቱቦ ላይ ብየዳ የሚያስፈልግ ከሆነ ዚንኩ ከሚበየደው ቦታ ተፍቆ ይነሣ፤ ሥራውም ነፋስ ባለበት ቦታ ይከናወን፤ የዚንክ ጢስ ብርድ ብርድ የሚያሰኝ ትኩሳት ያመጣል። የተበየደው ቦታ ዝገት መከላከያ ካልተቀባ በመጀመሪያው ክረምት ይዝጋል።

ማጠፊያው ነፋሱ በሚመጣበት ወገን ይሁን፤ ያኔ ድንገተኛ ነፋስ በሩን ይዘጋዋል እንጂ ገንጥሎ አይከፍተውም። በሩ ወደ ውጭ ይከፈት፤ በጎንና በጎን አምስት ሚሊሜትር፣ ከታች ደግሞ ጭቃና ጠጠር እንዳይይዘው ከሁለት እስከ ሦስት ሳንቲሜትር ክፍተት ይተውለት። መቀርቀሪያው መሐል ላይ አንድ ብቻ ከሆነ የቀጭን ክፈፍ ጫፎች በነፋስ እየተርገበገቡ ይላላሉ፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች ሁለት ይሁኑ። የበረንዳ መቀርቀሪያ ሆኖ በብሎንና በዳዶ፣ ሮንዴላ ተደርጎበት የታሰረ ይሁን፤ በቱቦላሬ ላይ በቀጥታ የተነዳ ትንሽ ብሎን ቀዳዳውን እያሰፋ ይወጣል። በሩ ሲከፈት ደግሞ የሚያዝበት መንጠቆ ከግሪን ሃውሱ ውጭ በተተከለ ቋሚ ላይ ይኑር፤ ያለ መንጠቆ የተተወ በር ራሱን በራሱ ይሰባብራል። መቀርቀሪያው ከውስጥም የሚከፈት መሆኑን ግን ሳያረጋግጡ ሥራውን አይረከቡ። በእኛ ሙቀት በተዘጋ ላስቲክ ቤት ውስጥ የተቆለፈበት ሕፃን ለሞት የሚያበቃ አደጋ ላይ ነው።

በሩን በሙሉ በላስቲክ አይሸፍኑት። ከታች 60 ሳንቲሜትር ያህሉ ላስቲክ ወይም ቀጭን ላሜራ፣ ከዚያ በላይ ያለው የነፍሳት መረብ ይሁን፤ ለብርድና ለአቧራ ቀን የሚወርድ መጋረጃ ላስቲክ ከላይ ተጠቅልሎ ይቀመጥ። እዚህ ላይ የበሩን አቅም ልንገርዎ። የአየር መግቢያና መውጫው ከወለሉ ስፋት ከ15 እስከ 20 በመቶ ሊደርስ ይገባል፤ ለእርስዎ 6 ካሬ ሜትር ወለል ይህ ወደ 1 ካሬ ሜትር ነው። የበርዎ መረብ በልኬት ይህንን ቢሞላም፣ ደቃቅ መረብ የአየሩን ፍሰት በእጅጉ ይቀንሳል፤ አየር ደግሞ የሚወጣበት ካላገኘ አይገባም። ስለዚህ ከበሩ ትይዩ ባለው ግድግዳ ላይ፣ ከተቻለ ወደ ላይ ከፍ ብሎ፣ ተመሳሳይ መረብ ያለው መስኮት ያስከፍቱ። ይህ ካልተደረገ ምርጥ በርም ቢሆን ግንቦትን አያሻግርልዎትም፤ ከሚያዝያ አጋማሽ ጀምሮ በላዩ የጥላ መረብ መዘርጋትም አይቀርም።

ይህ ምክር ለድሬዳዋ ነው። 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ሐረር የሚኖር አንባቢ ዚፑን ጠግኖ ቢቀጥል አልቃወመውም፤ እዚያ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ማምሻውን ጥብቅ አድርጎ መዝጋት ለችግኝ ይጠቅማል፤ የቀኑ ሙቀትም ላስቲክና ክርን እንደ ቆላው አይጎዳም። ለእርሱም ቢሆን ክፈፉን ማስተካከልና የዚፑን ጨርቅ በሸራ ማጠናከር ቀዳሚው ሥራ ነው።

የሥራው ቅደም ተከተል እንዲህ ይሁን። መጀመሪያ የግሪን ሃውሱን ክፈፍ አስተካክለው በአራቱ ማዕዘን ከመሬት ጋር አስረው ያጥብቁት፤ በዚያው ቀን በሩን በገመድና በጎማ ያስይዙት። ቀጥሎ ቋሚዎቹን ይትከሉ፤ ሲሚንቶውን ጠዋትና ማታ ውኃ እያጠጡ አንድ ሳምንት ሳይሞላው በር አያንጠልጥሉበት፤ በዚህ ሙቀት ውኃ ያላገኘ ሲሚንቶ ይፈረፈራል። በሩ ከቆመ በኋላ ላስቲኩን የሚቆነጥጡት ረፋድ ላይ፣ ፀሐይ ገና ሳትከር ይሁን፤ ቀትር ላይ የተወጠረ ላስቲክ ሌሊት ሲኮማተር ከብሎኑ ላይ ይቀደዳል። በመጨረሻ የአሮጌውን በር ላስቲክ ከነዚፑ ቆርጠው ያንሡት፤ ይጠቅማል ብለው ተንጠልጥሎ ከተዉት ነፋስ እያርገበገበው ደህናውንም ሽፋን ይዞት ይቀደዳል።